የ«ቸ» ቆብ

ከሠራተኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ከግሬደር ጩኸት ጎን፣ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ በአቧራ ተጋርዶ፣
አንድ ትምህርት ቤት አለ።
አራተኛ «ለ»።
አምሳ ሁለት ልጆች፣ አንድ መስኮት፣ አንድ እኔ፤
ጣቴ ላይ የሚያልቅ ጠመኔ።

ይድነቃቸው ይባላል፤ የአያቱን ስም ነው ያወጡለት፤
ከኋላ ይቀመጣል፣ መስታወቱ ከረገፈበት።
ስሙን ጻፍ ሲባል፣ ምላሱን ነክሶ፣ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ፣
«ይንደቃተው» ይላል፤ «ነ»ን ከወረፋዋ አስቀድሞ ጎትቶ፣
የ«ቸ»ን ቆብ አውልቆ፣ ራሷን ገልጦ፣ «ተ» አድርጎ ትቶ።

እኔም ያን ሰሞን፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣
«ደግመህ ጻፍ» አልኩት፣ «አምሳ ጊዜ።»
አምሳ ጊዜ ጻፈ። አምሳ ሰው ሆኖ መጣ፤
ከአምሳው መሀል ግን እሱ ራሱ ታጣ።

«ሰነፍ» ብዬዋለሁ። አልዋሽም። በሰው ፊት።
እናቱን አስጠራሁ፤ መጣች ትርሲት፣
ጊዮርጊስ አካባቢ የስልክ ልባስ የምትሸጠው፤
«ጠበል ወሰድኩት» አለች፤ «ሐኪምም ዓይኑ ደህና ነው አለው።
ከሬዲዮ የሰማውን አንዲት ሳይስት ይደግመዋል፤
የዱቤዬን ሒሳብ በቃሉ ይይዘዋል፤
ታዲያ ምኑ ነው?»
ምኑ እንደሆነ እኔስ መች አወቅሁ!

ስልጠና ላይ፣ ሻይ ሊጠጣ ሲል፣ አንዲት ቃል ሰምቼ ነበር፤
«ዲስሌክሲያ»። ልጽፋት ብዬ ሰረዝኩ፤ ደግሜ ሰረዝኩ፤ ሦስቴ ስጥር
ማንም «አምሳ ጊዜ» አላለኝ፤ ማንም አልሳቀ በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ወንበር።

ማታ አስቀረሁት። ልመታው መስሎት መዳፉን ዘረጋ።
(ያ መዳፍ አሁንም ይመጣብኛል፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።)
«ፊደሎቹ ምን ይመስሉሃል?»
ዝም አለ። ቆይቶ፣ ወደ መንገዱ እያየ፣
«የታክሲ ሰልፍ፣ ቲቸር፤ አራት ኪሎ፣ ማታ፣
ዝናብ ሲያካፋ። ቆመዋል በተርታ።
ላነባቸው ስል ግን፣ ልክ ታክሲ ሲመጣ፣
ሰልፉ ይፈርሳል፤ ይጋፋሉ፤
ማን ከማን ፊት እንደነበር ግራ ያጋባሉ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራዬ ተለወጠ፤
ተራ አስከባሪ ሆንኩ።
ከሳሙና ካርቶን ጠባብ መስኮት ቀደድኩ፤
አንዱን መስመር አሳይቼ፣ ሌላውን ከለልኩ።
ከግንባታው አሸዋ በትሪ ለምኜ፣
በጣቱ ጻፈበት፣ እኔም አብሬው ሆኜ።
ፈተናም ሲመጣ፣ ጎኑ ቁጭ ብዬ አነበብኩለት።

«ማዳላት ነው!» አለች ሂክማ፣ ከፊት ተነሥታ፤
«እኛስ?»
መልስ አልነበረኝም፤ ቆምኩኝ ለአፍታ።
«እሺ፣ ለሁላችሁም» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።
አነበብኩ። ቀስ ብዬ።
ሰባት አንገት ቀና አለ።
ሰባት!
ሁልጊዜ አጎንብሰው የሚጽፉ፣ «ጨዋ» የምላቸው፣
እርሱን ብቻ ስቆጥር ያልቆጠርኳቸው።

ርዕሰ መምህሩ «ጊዜው አይበቃም» ይሉኛል።
እውነታቸውን ነው፤ አይበቃም።
ጠመኔውም አይበቃም። ደመወዙም።
ውጭ ደግሞ ሰፈሩ ይፈርሳል፤ ቀዩ ዳቦ ቤት ሄደ፤
ቢጫው ልብስ ሰፊ ሄደ፤
ይድነቃቸው በቀለም የለያቸው በሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ለበሱ፤
እንግዲህ ማንበብ ግድ ነው፣ ቤቱ ለመድረሱ።

ትናንት ወረቀቱን ሰጥቶኝ ወጣ፤ ኳስ ይጠብቀዋል።
በሩ ጋ ቆመ። ተመለሰ። «አንዴ ልየው፣ ቲቸር?» ይለኛል።
ሰጠሁት። ስሙን፣ በጣቱ፣ አንድ በአንድ፣
እንደ ተሳፋሪ ቆጠረው፦
ይ፣ ድ፣ ነ፣ ቃ...
«ይቺ ቆቧን ረስታ ነው» አለኝ።
ደፋላት፤
ሮጠ።